«ምን ቀለም ነው የቀባኸው?»
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ሰብሳቢያችን 20 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ከእኔ በፊት የሒሳብ ሪፖርት ነበረ፤ ከእኔ በኋላ ደግሞ እራት አለ። የወጡ ሽታ እስከዚህ ደርሷልና ማንን ለመስማት እንደቸኮላችሁ አውቃለሁ። ላሳጥር እሞክራለሁ።

ባለፈው ዓመት በገቢ ማሰባሰቢያው ምሽት አንድ የወጥ ቤት ቢላዋ ለጨረታ አቅርቤ ነበር። ብረቱ አገር ቤት የተቀጠቀጠ ነው፤ እጀታውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያን ምሽት ወዲህ ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይም የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «ያን እጀታ ምን ቀለም ነው የቀባኸው?» ምንም ቀለም አልቀባሁትም። ጥቁሩ መስመር፣ ቢጫው፣ እንደ ማር የሚያበራው ቦታ፣ ሁሉም የእንጨቱ የራሱ ነው። ሰዎች ግን አያምኑኝም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው ረዘም ያለ መልስ ነው። በመጨረሻም ለሥራ አስፈጻሚው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ጥያቄው ከሐሳቡ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

እየተናገርኩ ሳለ 3 ነገሮች ከፊት ረድፍ ጀምረው ይዞራሉ። ሁለቱ ቁርጥራጭ እንጨቶች ናቸው፤ አንዱ ዋንዛ ነው፣ አንዱ ወይራ። ግማሻቸው የለሰለሰና ዘይት የጠጣ ነው፣ ግማሻቸው ከመጋዝ እንደወጣ ነው። ሦስተኛው የእናቴ ቢላዋ ነው። ስለቱን በካርቶን አስሬዋለሁ፤ እባካችሁ አትፍቱት። እሱን ግን መልሱልኝ፤ እሱ ለጨረታ አይደለም።

እናቴን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ያ ቢላዋ በቤታችን ከእኔ በፊት የነበረ ነው። ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ጎመን የሚቀነጠስበት፣ ዶሮ የሚበለትበት እሱ ነበር። እናቴ ስታርፍ ወንድሞቼ «ከቤቱ ምን ትፈልጋለህ?» ሲሉኝ ቢላዋውን አልኩ። በነጠላ ጠቅልለው፣ ሻንጣ ውስጥ አድርገው ሜሪላንድ ድረስ ላኩልኝ። እኔም በክብር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አንድ የበዓል ማግስት፣ ሳህኑ ተከምሮ፣ ሰው ሁሉ ደክሞት፣ ቢላዋውን ከሹካና ከማንኪያው ጋር የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። እኔ ራሴ ነኝ። ልጆቼ ላይ እንዳላላክክ ባለቤቴ እዚያ ቆማ ታያለች። የፈላ ውኃ፣ ጠንካራ ሳሙና፣ ከዚያ ደረቅ ሙቀት። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ሲያደርጉበት ይሰነጠቃል። ማሽኑን ስከፍት እጀታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ፣ ወዙ ጠፍቶ፣ እንደ ክረምት ማገዶ ነጥቶ አገኘሁት። የእናቴ እጅ ያለሰለሰው ቦታ ሻክሯል። ምን ያህል ዓመት እንደያዘችው አስቡት። በአንድ ሌሊት አጠፋሁት።

አዲስ እጀታ ልሠራ ወሰንኩ። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ «ይሄ ምን ይከብዳል» አልኩ። ይህ ደግሞ የመሐንዲሶች በሽታ ነው። ገበያ ሄጄ እንጨት ገዛሁ፣ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሞረጃ ገዛሁ፣ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ገዛሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ከሩቅ ሲታይ የሱቅ ዕቃ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ማሽኑ ያቃጠለው ቡናማ ጠባሳ አለ፤ በጅማቱ ላይ አግድም የሚሄድ፣ ድመት የቧጨረችው የሚመስል ጭረት አለ። ቫርኒሹ ያን ጭረት አልሸፈነውም፤ እንዲያውም አጎላው። የእንጨቱ መልክ የት እንደገባ አይታወቅም። እጅ ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሞከረችውና ምንም ሳትለኝ መሳቢያ ውስጥ መለሰችው። ከስድብ የባሰ ነበር።

የዛሬ 3 ዓመት አገር ቤት ስሄድ ቢላዋውን ይዤ ሄድኩ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማለቴ ነው፣ በእጅ ቦርሳ እንዳትሞክሩት። ከተማችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ አሉ። ቤታቸው ከገበያው በታች ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ አስፈቅጃቸው አልመጣሁም። ብዙዎቻችሁ ቤታቸውን ታውቁታላችሁ፣ በልጅነታችን ግን ገብተንበት አናውቅም። ለምን እንዳልገባን እመለስበታለሁ።

ብረት የሚያወጡት ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ወናፉን የልጅ ልጃቸው ይነፋል፤ እሳቸው መስፉ ላይ ይቀጠቅጣሉ። ለእጀታ የሚሆን እንጨት ለመፈለግ ጫካ አይሄዱም። ከጎናቸው የተከመረው የተሰበረ ድግር፣ የዘነዘና ጉማጅ፣ የከዘራ ስባሪ ነው። አብዛኛው ወይራ ነው። አንድ እጀታ እኮ 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና የ2 ጣት ውፍረት ቢኖረው ይበቃዋል። ለዚህ ብሎ ዛፍ የሚቆርጥ ሞኝ ነው፤ ዋንዛማ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ሆኖ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር።

የእኔን ማሽን ሥራ አገላብጠው አዩት። ቫርኒሹን በጥፍራቸው ጫር አድርገው «ይሄ ምንድን ነው ጌታዬ፣ ላስቲክ ነው?» አሉኝ። ጌታዬ ያሉኝን ልብ በሉ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።

እጀታውን አውልቀው ጣሉት። ከክምሩ አንድ የወይራ ጉማጅ መርጠው ጠረቡ። ከዚያ ወደ እጀታው የሚገባውን የብረቱን ጭራ ፍም ውስጥ ከትተው አጋሉና፣ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ይዘው፣ ጭራውን ቀድመው በበሱት እንጨት ውስጥ ጨቆኑት። እንጨቱ ጨሰ። የወይራ ጭስ። የእናቴ የወተት ዕቃ ሲታጠን የነበረው ያ ሽታ! እዚያ አንጥረኛ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ ከጭሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልሠሩልኝም። አንድ የጠርሙስ ስባሪ አቀበሉኝና «ይላጉት» አሉኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የማውቀው ነገር በአብዛኛው ከዚያ ሦስት ቀን የተገኘ ነው፤ የቀረውን እዚህ ጋራዤ ውስጥ እንጨት እያበላሸሁ ተማርኩት።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። እንጨት ማለት አንድ ላይ የታሰሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ማለት ነው። ዛፉ ውኃ ወደ ላይ የሚያወጣባቸው ናቸው። ጅማት የምንለው የእነሱን አካሄድ ነው። ዛፉ ሲጠማዘዝ፣ ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ዕድሜ ሲጨምር ጅማቱ ይታጠፋል፣ ቀለሙም ይለያያል። ይህ ሁሉ መልክ እንጨቱ ውስጥ አለ። የማናየው መጋዝና ሞረድ ላዩን ስለሚቦጫጭቁትና የቱቦዎቹን አፍ ስለሚቀዳድዱት ነው። ብርሃን በዚያ ሻካራ ላይ ሲያርፍ ወደየአቅጣጫው ይበተንና ነጣ ያለ ጭጋግ ብቻ ይታየናል። የወንዝ ዳር ጠጠር አስታውሱ። ደረቁ ጠጠር ሁሉ ግራጫ ነው። ውኃ ሲነካው ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ይሆናል። ውኃው ቀለም አልጨመረለትም፤ የሻካራውን ክፍተት ሞላና ብርሃኑ እንዳይበተን አደረገ። ዘይት እንጨት ላይ የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ውኃው አለመትነኑ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ ጭረቱን ማንሣት፣ ከዚያ ዘይት ማጠጣት። የመጀመሪያው ከጠቅላላው ድካም ዘጠኝ እጁን ይወስዳል።

ቅርጹን በሞረድ ካወጣችሁ በኋላ የጠርሙስ ስባሪ ወይም ስለታም የብረት ቅጠል ይዛችሁ፣ ትንሽ አዘንብላችሁ፣ ወደ ራሳችሁ መሳብ ነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ሲወጣ በትክክል ይዛችኋል ማለት ነው፤ አቧራ ብቻ ከወጣ ስለቱ ደንዟል። እጃችሁ ላይ ወፍራም ጓንት ይኑር። አንጥረኛው ጓንት የላቸውም፣ እኔ ግን ሁለት ቦታ ተሰፍቻለሁ።

ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ከ120 ትጀምራላችሁ፤ ከዚያ 180፣ 220፣ 320፣ 400 እያላችሁ ትወጣላችሁ። ለወይራ 600 ድረስ መሄድ ይቻላል፣ ምክንያቱም ጠንካራና ጅማቱ የተጠጋጋ ስለሆነ ነው። ዋንዛ ለስላሳና ቀዳዳው ሰፋ ያለ ስለሆነ 320 ይበቃዋል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቶሎ ለመጨረስ ከ120 ወደ 400 ይዘላል። የ400 ወረቀት የ120ን ጭረት አያነሣም፤ ጭረቱን ራሱን ያለሰልሰዋል እንጂ። በእጅ ስትዳስሱት ልስልስ ይላል። ዘይት ስትቀቡት ግን ጭረቱ ዘይቱን ጠጥቶ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ከ180 መጀመር ነው። አምስት ጊዜ ደርሶብኛል።

አቅጣጫውም እንደዚሁ ነው። ክብ የሆነ እጀታ ሲያለሰልሱ እጅ የሚወደው ወረቀቱን እንደ ሪባን ቆርጦ፣ ሊስትሮ ጫማ በጨርቅ እንደሚወለውል ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው። ቅርጽ ለማውጣት ጥሩ ነው። ነገር ግን ያ አካሄድ ጅማቱን አግድም ይቆርጠዋል፤ የእኔ የመጀመሪያ እጀታ ላይ የነበረው የድመት ጭረት የመጣው ከዚያ ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር መጨረሻ ላይ ከእጀታው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጅማቱን ተከትሎ መጨረስ ግድ ነው። ጅማቱን የተከተለ ጭረት ከጅማቱ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል።

አንጥረኛው ይህን ሲያሳዩኝ ቃል አልተናገሩም። አግድም ስፈትግ ባዩኝ ቁጥር እጄን ይዘው ያዞሩታል። በሁለተኛው ቀን ለ4ኛ ጊዜ ሲያዞሩት ትዕግሥታቸው አለቀና «ኧረ አንተ ሰው፣ እንጨቱ በዚህ ነው የሚሄደው እያልኩህ!» አሉኝ። አንተ አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጌታዬ ቀረ። እኔም «እሺ አባባ» አልኩ። በእውነት እላችኋለሁ፣ ከተመረቅሁበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ደስ ብሎኛል።

ጭረቱ መጥፋቱን እንዴት ታውቃላችሁ? በእርሳስ እጀታው ላይ መስመሮች አስምሩ፤ ወረቀቱ ሁሉንም እኩል ሲያጠፋቸው ቦታ አልዘለላችሁም ማለት ነው። ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና አንድ መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ይሸነግላል፤ የጎን ብርሃን ግን እያንዳንዷን ጭረት ጥላ ይሰጣታል። ከቁጥር ወደ ቁጥር ስትሸጋገሩ አቧራውን በደንብ ጥረጉ፤ አንዲት የ120 ቅንጣት ቀርታ የ400ውን ሥራ ታበላሻለች። አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። የእንጨት አቧራ ለብዙ ዓመት ሲተነፈስ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ ቀልድ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። 220 ላይ ስትደርሱ እጀታውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። አዎ፣ ያን ሁሉ ደክማችሁ ያለሰለሳችሁትን አርጥቡት። ከዚያ ይድረቅ። ስትዳስሱት እንደ 3 ቀን ጺም ሻክሮ ታገኙታላችሁ። የተጨፈለቁት የጅማት ጫፎች ውኃ ጠጥተው ቆሙ ማለት ነው። እነሱን በ320 በቀስታ፣ ሳትጫኑ ታነሷቸዋላችሁ። ከዚያ ደግማችሁ አርጥቡ። በሁለተኛው ጊዜ ብዙም አይነሣም። ይህን ያላደረገ ሰው እጀታውን አሳምሮ ይጨርስና፣ መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ሻክሮ ያገኘዋል። ማጠቢያ ውስጥ ሊነሣ የነበረውን ጺም አስቀድማችሁ ጋራዥ ውስጥ ላጫችሁት ማለት ነው።

የእጀታውን መጨረሻ፣ ጅማቱ የተቆረጠበትን ገጽ፣ ለብቻው ተንከባከቡት። የቱቦዎቹ አፍ እዚያ ስለሆነ ዘይት እንደ ስፖንጅ ይጠጣና ከሌላው ይልቅ ይጠቁራል። በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ወረቀት ካለሰለሳችሁት ይቀራረባል።

ወደ ዘይቱ ስመጣ ልጅነቴ ትዝ ይለኛል። እረኛ ሆነን ዱላችንን ቅቤ ቀብተን ጭስ ላይ እናገላብጥ ነበር። ያምር ነበር፣ ግን ቅቤ አይደርቅም፤ ይሸታል፣ አቧራ ይይዛል። እንጨት የሚፈልገው አየር ሲያገኘው የሚጠነክር ዘይት ነው። ተልባ ከሁሉ የተሻለው ነው። ኑግም ይጠነክራል፣ ግን ይዘገያል፤ አንጥረኛው ያላቸው እሱን ነው። የሚገርመው የወይራ ዘይት አይሆንም። የምንበላው የወይራ ፍሬ ዛፍ የእኛ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ዘይቱ ግን አይደርቅምና ለዘመዱ እንጨት እንኳ አይጠቅምም። የተልባ ዘይት ስትገዙ ጥሬውን፣ ምግብ ቤት የሚገባውን ግዙ። የቀለም ሱቅ ውስጥ «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ንጥረ ነገር የተጨመረበት ስለሆነ ለወጥ ቤት ዕቃ አልወደውም።

በጨርቅ ትንሽ ቀቡ። 20 ደቂቃ ይጠጣ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ጥረጉ። ሁሉን። የቀረ ዘይት ይጣበቃል፣ ሙጫ ይሆናል። ጥቂት ቀን ይደር፣ ከዚያ ይደገም። እኔ 5 ወይም 6 ጊዜ እቀባለሁ፤ በጥሬ ተልባ ከወር በላይ ይወስዳል። የመጀመሪያው ቅብ ሲያርፍበት ግን ያን ደቂቃ ማየት ነው። ግራጫው እንጨት በዓይናችሁ ፊት ይከፈታል። ወይራ ሲሆን ጥቁርና ወርቃማ መስመር እንደ ጭስ ተጠማዞ ይወጣል። ዋንዛ ሲሆን ሞቅ ያለ፣ ቀላ ያለ ቢጫ ይሆናል። ልጄ ያን ጊዜ አጠገቤ ነበረች። 16 ዓመቷ ነው፤ ስለ አገር ቤት ስናወራ የምትሰማን አይመስለንም። «አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነበር?» አለችኝ። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ጋራዥ የምትገባው እሷ ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ይህን ሳልናገር ከወረድኩ ሰብሳቢያችን እኔን ይጠይቁኛል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዳችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝና ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነድዳል። ቤት የተቃጠለበት ሰው አለ። ጨርቁን ውጭ፣ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ክተቱት።

ሲደርቅ ጥቂት ሰም በጨርቅ ማሸት ነው። የሰምና ወርቅ ቀልድ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ፤ አልልም። ከዚያ በኋላ እጀታው የሚፈልገው ትንሽ ነው፤ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ታጥቦ ወዲያው ይወልወል፣ ሲነጣ ዘይት ይቀመስለት። በክረምት እዚህ አገር የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል፣ እንጨቱም ይኮማተራል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት አንድ ሁለት ጊዜ ቀባ አድርጉት። ማጠቢያ ማሽኑን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከአገር ቤት እንጨት ስታመጡ ቅርፊቱ ተልጦ የደረቀ ይሁን፤ ጉምሩክ ላይም እንጨት መያዛችሁን ተናገሩ።

አሁን እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር ላይ ደርሻለሁ።

የእናቴ ቢላዋ ብረት የማን ሥራ እንደሆነ ሽማግሌውን ጠይቄያቸው ነበር። አገላብጠው፣ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው «የአባቴ ነው» አሉኝ። ዝም አልኩ። አባታቸውን አስታውሳቸዋለሁ። ቢላዋና ማጭድ ይዘው ወደ ሠፈራችን ሲመጡ አጥሩ ጋ ይቆማሉ። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፣ ሁላችሁም ትመሰክራላችሁ። እሳቸውን ግን ቤት አስገብታ አታውቅም። ቡና የምትሰጣቸው ለብቻው በተቀመጠ ስኒ ነበር። እኛ ልጆቹም የምንላቸውን እንል ነበር፤ ቃሉን እዚህ አልደግመውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሠሩት ቢላዋ የተከተፈ እየበላን ነው ይህን የምንለው።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያ ስኒ ግን በቤታችን ነበር። ለሽማግሌው ይህን አንሥቼ ይቅርታ ለመጠየቅ ሞከርኩ። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ወረቀቱን ገልብጠው፣ አልቋል» አሉኝ። እውነትም የያዝኩት የብርጭቆ ወረቀት አልቆ ነበር። ይቅር አሉኝ አላሉኝም አላውቅም።

ወደ ሐሳቤ ስመጣ፤ በዘንድሮው ዕቅድ ላይ ለወጣቶች የእንጨትና የብረት ሥራ ሥልጠና ገንዘብ እንደምንመድብ በሪፖርቱ ሰምተናል። የሚገዙት የኤሌክትሪክ ማሽኖች ዝርዝርም ተነቧል። ማሽን አልቃወምም፤ ቅርጽ ለማውጣት እኔም እጠቀምበታለሁ። የምለው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዝርዝሩ ውስጥ አሠልጣኝ ተብሎ የተጻፈው ከሌላ ከተማ በአበል የሚመጣ ባለ ዲፕሎማ ነው። ከገበያው በታች ያሉት ሽማግሌ ይግቡበት፤ በአሠልጣኝ ደመወዝ፣ በውል፣ በክብር። የወረቀት ማስረጃ የላቸውም ከተባለ፣ ማስረጃው አሁን በ4ኛው ረድፍ ላይ እየዞረ ነው፣ ዳስሱት። ሁለተኛ፣ ከሠልጣኞቹ ቦታ የተወሰነው ለባለ እጅ ቤተሰብ ልጆች ይያዝ። ወናፍ የሚነፋው የልጅ ልጃቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የቀን ሥራ ሊፈልግ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው «እዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም» አለኝ። እሱ ከሄደ እጄን ይዞ የሚያዞርልኝ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አላገኝም፤ ከእናንተ ልጆችም የሚያገኝ አይኖርም።

ይህ ለድምፅ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። የሚደግፈኝ አባል ካለ እጁን ያውጣ፤ ጸሐፊያችን ይመዝግቡልኝ።

ሥራውን መሞከር የሚፈልግ ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጋራዤ ክፍት ነው። በሐበሻ 3 ሰዓት ማለቴ ነው። ቁርጥራጭ እንጨትና ወረቀት እኔ አቀርባለሁ፤ የቤታችሁን የተሰነጠቀ ቢላዋ ይዛችሁ ኑ። በአንድ ቅዳሜ አይጠናቀቅም፣ አስቀድሜ ልናገር። ልጆች ከወላጅ ጋር ይምጡ፤ ማስክ አለኝ።

ቢላዋው የት ደረሰ? እ... እትዬ፣ እርስዎ ጋ ነው? ይያዙት ግድ የለም፤ ጨርሰው ይዩት።